ለፈጠራችሁት ዓለም ቋንቋ ወጥ አጻጻፍ ማውጣት፦ ከሀ እስከ ፐ

«የከተማዬን ስም በየትኛው ‹ሀ› ልጻፈው?» ይህ ጥያቄ በየወሩ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ የምናብ ዓለም ፈጥረው ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ናቸው። ካርታ ሠርተዋል። ነገሥታቱን ሰይመዋል። ለሕዝቡም ቋንቋ ፈጥረውለታል። ቃላቱ ሲጠሩ ያምራሉ። ወረቀት ላይ ሲወርዱ ግን ያው ስም ምዕራፍ አንድ ላይ «ሀሩሶ»፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ «ሃሩሶ»፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሐሩሦ» ሆኖ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው ይህን ያዘጋጀሁት።

ጎንደር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ታፔላ እያነበባችሁ ውረዱ። የከተማችንን ስም አንዱ «ጎንደር»፣ ሌላው «ጐንደር» ብሎ ይጽፈዋል። ማንም አይደናገርም፤ ከተማዋን ስለምናውቃት። የእናንተን ከተማ ግን አንባቢው አያውቃትም። በእጁ ያለው ፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉ ከተለወጠ ለእሱ ሌላ ከተማ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ለራሴ ታሪኮች ከፈጠርኩት «ቶሜራ» ከሚባል ቋንቋ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ 50 ሉክ ካሬ ደብተር። ካሬው የፊደል ገበታ ለመሥራት ይመቻል።
• እርሳስና ላጲስ። ደንቡ አምስት ስድስት ጊዜ ስለሚለወጥ እስክሪብቶ አትጠቀሙ።
• ትልቅ የፊደል ገበታ፣ ሕፃናት ሀሁ የሚቆጥሩበት ዓይነት።
• የአማርኛ ኪቦርድና የድምፅ መቅረጫ ያለው ስልክ።
• ኮምፒውተር ካላችሁ ኤክሴል። ከሌላችሁ ደብተሩ ይበቃል።
• ታሪካችሁን ያላነበቡ ሦስት ሰዎች። እነዚህን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ምንም አታሳዩአቸው።

ደረጃ 1፦ ከፊደሉ በፊት ድምፁን ያዙ

ከቋንቋችሁ 20 ስሞች ምረጡ፤ የሰው፣ የቦታ፣ የማዕረግ። ምንም ሳትጽፉ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እየጠራችሁ ስልክ ላይ ቅረጹ። በማግስቱ አዳምጡት።

በጽሑፍ ከጀመራችሁ እጃችሁ የለመደውን ፊደል ያነሳል፤ ድምፁ ሳይታወቅ ይቀራል። በማግስቱ ያልኩትም በምክንያት ነው። በቀረጻችሁበት ምሽት የምትሰሙት ልባችሁ ውስጥ ያለውን ነው። አድሮ ሲሰማ ግን የወንዙን ስም አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ እንደጠራችሁት ትደርሱበታላችሁ። ያኔ የትኛው እንደሆነ ወስኑ።

ደረጃ 2፦ ገበታውን ቀንሱ

የፊደል ገበታውን ዘርጉ። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ (እንደ ጓ፣ ቋ ያሉት) ሳይቆጠሩ። የፈጠራችሁት ቋንቋ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ቅጂውን አዳምጡና ያልሰማችሁትን ድምፅ በእርሳስ ሰርዙ።

ቶሜራ ላይ የቀሩት 15 ናቸው፦ ሀ ለ መ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ነ ከ ወ ዘ ደ ገ። ጠ፣ ጨ፣ ጸ የሉም። አንድ ቋንቋ ባለው ድምፅ ብቻ ሳይሆን በሌለውም ይታወቃል። ጠ እና ጨ ሲወጡ ስሞቹ ወዲያው ከአማርኛ ይርቃሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መቀነሱን አታብዙት። ስምንት ተነባቢ ብቻ ካስቀራችሁ ስሞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ አንባቢውም ጀግናውን ከጠላቱ መለየት ይቸግረዋል።

ደረጃ 3፦ ሞክሼ ፊደላትን አስወግዱ

ዋናው በሽታ እዚህ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ይሰማሉ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በዚያ ላይ ሀ እና ሃ አንድ ናቸው። «ሀሩሶ»ን አስሉት፦ የመጀመሪያው ፊደል ስድስት አማራጭ አለው (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፤ የመጨረሻው ሁለት (ሶ፣ ሦ)። አንድ ስም በ12 መንገድ ይጻፋል ማለት ነው፤ ሁሉም ያው ይነበባሉ።

ከየቡድኑ አንዱን ብቻ አስቀሩ። የምመክረው ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ነው።

«ሐ ያምራል፣ ጥንታዊ ይመስላል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይገባኛል። «ሠ»ም «ሰ» ላይ የሌለ ግርማ አላት። ግን ሐ አንዴ ለውበት ከገባች ሁለተኛው ስም ላይ ለምን እንዳልገባች መልስ የላችሁም። አማርኛ ላይ ሞክሼዎቹ ከግዕዝ የመጡ የቃል ሥር ያሳያሉ። የእናንተ ቃል ግን ትናንት ማታ ነው የተወለደው።

ሐን ለሌላ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ትግርኛ ሐን ከሀ ለይቶ ከጉሮሮ ያወጣዋል፤ እናንተም እንደዚያ ልታደርጉ ትችላላችሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ከባድ ነው፦ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን አያየውም። ስለዚህ በሀ እና በሐ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ፈጽሞ አይኑሯችሁ።

ደረጃ 4፦ በግዕዝና በሳድስ ላይ ወስኑ

አናባቢ ላይ የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያውና ስድስተኛው።

ግዕዝ፦ በ፣ ለ፣ ከ ላይ ግዕዙ አጭር ድምፅ ነው። ሀ እና አ ላይ ግን ግዕዙ እንደ ራብዕ (አራተኛው ድምፅ) ይነበባል። ቋንቋችሁ አጭሩን ድምፅ የሚፈልግ ከሆነ ለእነዚህ ሁለት ቦታ ኸ እና ኧ መጠቀም ግድ ነው።

እኔ ሌላ መንገድ መረጥኩ። ቶሜራ ላይ አጭሩን ድምፅ ጨርሶ አወጣሁት። በዙሪያችን ያሉትን የቦታ ስሞች ጥሩ፦ አዘዞ፣ ወገራ፣ ደባርቅ። ሁሉም አጭሩ ድምፅ አላቸው። እሱ የሌለበት ስም ሲጠራ «ይህስ ከሌላ አገር ነው» ያሰኛል። ሀ እና አ እንደልማዳቸው ራብዕ ሆነው ይጻፋሉ፤ ሃ እና ኣ የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ የቶሜራ ገበታ 15 ተነባቢ በ6 ድምፅ፣ ማለትም 90፣ ሲደመር አ ኡ ኢ ኤ ኦ፣ በድምሩ 95 ሆሄ ነው። አንድ የደብተር ገጽ ላይ ያልቃል።

ሳድስ፦ ይህ ፊደል አንዴ ድምፅ አለው፣ አንዴ የለውም። «ክብር» ስንል ክ ላይ እንጮሃለን፣ ር ላይ እንዘጋለን። አማርኛ አዋቂው በልማድ ያነበዋል። አዲስ ቃል ላይ ግን ልማድ የለም። «ታርክቆ» ብትጽፉ አንዱ ር ላይ ይቆማል፣ ሌላው ክ ላይ።

ሁለት ደንብ ብቻ አውጡ። አንደኛ፣ ቃል በሳድስ አይጀምርም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሳድስ ጎን ለጎን አይመጡም። በዚህ ብቻ ሳድሱ ሁልጊዜ ዝግ ሆኖ ይነበባል። «ታርቆ» አንድ ንባብ ነው ያለው። እስካሁን ከሞከርኳቸው ደንቦች በትንሽ ድካም ብዙ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ደረጃ 5፦ ማጥበቅና ማላላት

ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። ገና፣ ዋና፣ አለ፣ ሰፊ፤ እያንዳንዳቸው ሲጠብቁና ሲላሉ ሌላ ቃል ናቸው። አማርኛ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ያግዘናል። «ጨርቁን ለሰፊው ሰጠሁት» ሲባል ስለ ስፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። በፈጠራ ቋንቋ ግን የሚያግዝ ነገር የለም።

ፊደሉን ደግማችሁ ለማጥበቅ አትሞክሩ። «ታልላ» ብትጽፉ አንባቢው ሁለቱን ል ለየብቻ ይጠራቸዋል። ከሆሄው በላይ የሚቀመጠው የማጥበቂያ ነጥብም አለ፤ ግን ብዙ ስልኮች ላይ ቦታውን ይስታል።

የሚሠራው መፍትሔ ይህ ነው፦ በመጥበቅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት አይኑሩ። ካሉ አንዱን ለውጡ። ከዚያ አንባቢው ቢያጠብቅም ቢያላላም ትርጉሙ አይበላሽም።

ይህ ከሳድሱ ደንብ ጋር ይያያዛል። «ጀምሮ» ስንል ም ስለሚጠብቅ ሳድሱ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ የቃላችሁ አቋም አንባቢውን እንዲያጠብቅ የሚገፋው ከሆነ የዘጋችሁት ሳድስም ይከፈታል። ቅጂውን እየሰማችሁ ይህን ፈትሹ።

ደረጃ 6፦ ዲቃሎቹን በአጭሩ ጨርሱ

ጐ፣ ቈ፣ ኰ አያስፈልጓችሁም። ዛሬ ብዙው ሰው እንደ ጎ፣ ቆ፣ ኮ ያነባቸዋል። ጓ፣ ቋ፣ ኳ ግን ይቆዩ። «ቁስቋም»ን ያለ ቋ አስቡት፤ «ቁስቁዋም» ብሎ መጻፍ ዓይን ይሰብራል። ቋንቋችሁ ይህ ድምፅ ካለው ሁልጊዜ በአንድ ሆሄ ጻፉት።

ደረጃ 7፦ ድምፅ ሲለወጥ ምኑን ትጽፋላችሁ?

ቃላት ሲጋጠሙ ድምፅ ይለወጣል። አጠገባችን ያለችውን አገር አንዱ «ደንቢያ»፣ ሌላው «ደምቢያ» ብሎ ይጽፋታል። ን ከበ ፊት ሲመጣ አፍ ራሱ ወደ ም ይወስደዋል። በሌላ በኩል «ሂድ» ለሴት ሲሆን «ሂጂ» ነው። «ሂዲ» ብሎ የሚጽፍ የለም።

ከእነዚህ ከሁለቱ የምትወስዱት ደንብ ይህ ነው፦

ሀ) የአንባቢው አፍ በራሱ የሚያደርገውን ለውጥ አትጻፉ። ቶሜራ ላይ «ታን» ታላቅ፣ «ቤኖ» ወንዝ ነው። ሲጋጠሙ «ታንቤኖ» ብዬ እጽፋለሁ። አንባቢው ም ብሎ ቢጠራው ግድ የለኝም፤ «ታን»ን ግን ያያታል፤ ሌላ ቦታ ሲያገኛት ያውቃታል።

ለ) አንባቢው ሊገምተው የማይችለውን ለውጥ ጻፉ። «ማሩሳ» ጠባቂ ነው፤ ሲበዛ «ማሩሺ» ይሆናል። «ማሩሲ» ብዬ «ሸ ብላችሁ አንብቡ» ማለት አልችልም።

ደረጃ 8፦ ከአማርኛ ቅጥያዎች ጋር አስታርቁ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር።

ቋንቋዬ መጀመሪያ «ቶሜና» ይባል ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ ቡና እየጠጣን ለአንድ ወዳጄ የመጀመሪያውን ገጽ ሰጠሁት። እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረው፦ «ቶሜና ንጉሡ የማያውቁት ቋንቋ ነበር።» ስኒውን አስቀምጦ «ቶሜ ማን ነው?» አለኝ። ደግሜ አነበብኩት። እውነቱን ነው። ቶሜ እና ንጉሡ፣ ሁለቱ የማያውቁት ቋንቋ ነበር ይላል። ፊደሉ ላይ አንድም ስህተት የለም፤ ስሙ ነው አማርኛው ውስጥ የሰመጠው። ያን ዕለት ማታ ስሙን ቶሜራ አልኩት።

አማርኛ በቃል መነሻም መድረሻም ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ፦

• ስም በ«ና»፣ በ«ን»፣ በ«ም» አይለቅ። «ታሌን አየች» ሲባል ታሌን የምትባለው ናት ያየችው? ወይስ ታሌ የምትባለው ናት የታየችው? በ«ስ» የሚያልቅም ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ያሳስታል።
• ስም በ«የ»፣ በ«በ»፣ በ«ለ»፣ በ«ከ» አይጀምር። «ከሎራ መጣ» ቢባል ሰውየው ከሎራ ነው ወይስ ከሎራ ከምትባል አገር ነው የመጣው? ቶሜራ ግዕዝ ስለሌለው ይህ አደጋ የለበትም።
• በአ የሚጀምር ስም ላይ መስተዋድዱን አታዋህዱ። «ከአሩቤ» ጻፉ እንጂ «ካሩቤ» አትበሉ። በንግግር «ላንተ» እንላለን፤ አዲስ ስም ላይ ግን የመጀመሪያው ሆሄ ከጠፋ ስሙም ጠፋ።
• የማዕረግና የዕቃ ስሞች በአናባቢ ይለቁ። «ዶሜር» ላይ «ኡ» ሲጨመር «ዶሜሩ» ይሆናል፤ አንባቢው ሥሩ «ዶሜር» ይሁን «ዶሜሩ» አያውቅም። «ማሩሳ» ግን «ማሩሳው» ነው፤ ሥሩ አልተነካም።
• ብዙ ቁጥር አንድ ብቻ ይሁን። ወይ «ማሩሺ» ወይ «ማሩሳዎች»። «ማሩሺዎች» ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው።

ጥምር ስሞችንም ወይ ሁሉንም አያይዙ ወይ ሁሉንም ለያዩ። እኔ አያይዛለሁ፤ ክፍት ቦታ ካለ የስልክ መስመር መጨረሻ ላይ ስሙ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ደረጃ 9፦ አማርኛ የሌለው ድምፅ ካላችሁ

አዲስ ፊደል በእጅ አትሣሉ። ደብተር ላይ ያምራል፤ ስልክ ግን አይጽፈውም፣ ማተሚያ ቤትም አያውቀውም። ፊደላችን ራሱ አዲስ ድምፅ ሲመጣበት ያደረገውን አድርጉ፦ ከሰ ሸ፣ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከዘ ዠ፣ ከደ ጀ፣ ከበ ቨ ወጥተዋል። ለሚቀርበው ድምፅ የሚቀርብ ቅርጽ ነው የተሰጠው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከአማርኛ ውጭ ያሉ ሆሄያትም አሉበት። ትግርኛ ቐን ይጠቀማል፤ ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ዸ አለ። እነዚህን መዋስ ትችላላችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ሆሄውን ለሦስት ሰው በመልእክት ላኩ። አንዱ ስልክ ላይ እንኳ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ተዉት። ከሁለት በላይም አትዋሱ፤ አንባቢው ልብ ወለድ ሊያነብ ነው የተቀመጠው።

ደረጃ 10፦ መዝገብ ያዙ

አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ትክክለኛው አጻጻፍ፣ አጠራሩ («ሁለተኛው ይጠብቃል» ብላችሁ በቃል)፣ ትርጉሙ፣ መጀመሪያ የታየበት ምዕራፍ፣ የተከለከሉ አጻጻፎች። በሀሁ ቅደም ተከተል ደርድሩት። አዲስ ስም ታሪኩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መዝገቡ ውስጥ ይግባ።

አምስተኛው ዓምድ ትርፍ ይመስላል፤ ግን ለእርማት የሚያገለግላችሁ እሱ ነው። ለ«ሀሩሶ» አሥራ አንዱን የተከለከሉ አጻጻፎች እዚያ ትጽፋላችሁ። ታሪኩ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ታርማላችሁ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሐን ሁሉ በሀ ተካ» ብላችሁ አትዘዙት። ትረካችሁ አማርኛ ነው። «ሐሳብ»፣ «ሐረግ»፣ «ሐዘን» ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። ሁልጊዜ ሙሉውን ስም ፈልጉ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊትም የፋይሉን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 11፦ በሰው ፈትኑት

አሁን ሦስቱን ሰዎች ጥሩ። ለየብቻ እንጂ አንድ ላይ አይሁኑ፤ አንዱ ከሌላው ይሰማል።

የንባብ ፈተና፦ አሥር ቃላት በወረቀት ስጧቸው። ጮክ ብለው ያንብቡ፣ እናንተ ቅረጹ። አታርሟቸው፤ ፊታችሁም ምንም አያሳይ።

የጽሕፈት ፈተና፦ ሌሎች አሥር ቃላት እናንተ ጥሩ፣ እነሱ ይጻፉ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከጎረቤቴ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ጋር ነው። «ሀሩሶ»ን በሐ ጻፈችው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ደንቡን አልነገርኳትም። «ታንቤኖ»ን ግን «ታምቤኖ» አለችው። በዚህ ደረጃ 7 ላይ ያልኩት የአፍ ለውጥ በራሱ እንደሚመጣ አረጋገጥኩ።

ውጤቱን እንዲህ ቁጠሩ፦ ከሦስቱ አንድ ሰው ብቻ ከሳተ የእሱ ነው፣ እለፉት። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከሳቱ ደንቡ ነው የተሳሳተው። ቃሉን ብቻ አትለውጡ፤ ወደዚያ ደረጃ ተመለሱና ደንቡን አስተካክሉ። አለበለዚያ ያው ችግር ነገ በሌላ ስም ይመጣል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

• ስልኩ የሚያቀርበውን ቃል ሳያዩ መቀበል። ኪቦርዱ የእናንተን ስም አያውቅም፤ የሚመስለውን አማርኛ ያስገባል። ስሞቻችሁን ወደ ኪቦርዱ መዝገበ ቃላት አስገቧቸው።
• ስም መሐል ሰረዝና ጭረት መርጨት። «ታ’ር-ቆ» ምን ተብሎ ይጠራል? ምልክቱ የሚወክለው ድምፅ ከሌለ አውጡት።
• ለየት እንዲል ብቻ ደንብ መጣስ። አንድ ጥንታዊ ስም ከደንቡ ውጭ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ይቻላል። ምክንያቱን መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ ከሦስት ስም አይብለጥ፤ ሁሉም የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ነገድ ይሁኑ።
• ስሙን የአማርኛ ቃል መሆኑን ሳይፈትሹ መጠቀም። ለጎረቤት ጥሩለት፤ ከሳቀ ለውጡት።
• ምዕራፍ አሥር ላይ ደንብ ለውጦ ወደ ምዕራፍ አንድ አለመመለስ። ደንብ በለወጣችሁ ቁጥር ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈው ሁሉ እንደገና ይታያል።

ሥራው ለኅትመት ሲሄድ ለአራሚው ከታሪኩ ጋር መዝገቡንም ስጡት። አራሚ ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ካልነገራችሁት «ሀሩሶ»ን በቅን ልቦና «ሐሩሶ» ያደርግላችኋል። አንባቢው ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት አራት መስመር ይበቃዋል፦ ሳድስ ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ሀ እና አ እንደ ራብዕ ይነበባሉ፣ በ«ሺ» የሚያልቅ ብዙ ቁጥር ነው፣ የተዋሳችሁት ሆሄ ካለ አጠራሩ።